ወይዘሪት ዝልፍልፍ በደረቅ ቤት

ለሰፊው ሕዝብ በሙሉ! ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ በሦስተኛው ፎቅ በስተግራ ባለው መኖሪያ ቤት፣ በሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ተክል ራሷን ስታ ወድቃለች። የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ሲሆን፣ የሚመለከታቸው አካላት በስፍራው ተገኝተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይገኛሉ።

የሚመለከታቸው አካላት ማለት ጋሽ ቧንቧ ናቸው። ሌላ ማንም የለም።

ጋሽ ቧንቧ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ቢኖርም፣ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ከመጣ አዲስ ወይም ግብር ሰብሳቢ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተዋጉት ከአንድ ጠላት ጋር ነው፤ እሱም እርጥበት ነው። "ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲሆን አገልጋይ ነው፤ ከቧንቧ ከወጣ ሌባ ነው" ይላሉ። ደረጃ ሲወጡ ድንገት ቆም ይሉና አፍንጫቸውን ወደ አንዱ በር መልሰው፣ "እዚህ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያፈሳል" ብለው ያንኳኳሉ። ባለቤቱ "ኧረ የለም ጋሼ" ካለ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ጥቂት ቆይቶ የቁም ሳጥኑ እንጨት እንደ ሊጥ ሲነፋ፣ ሰውየው ራሱ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል።

የራሳቸው ቤት ደግሞ አይነሳ! ዳቦ ጠዋት ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ከተረሳ ለምሳ የሚቀርበው በመዶሻ ነው። ግድግዳው ላይ ሻጋታ ቀርቶ የሻጋታ ሐሳብ እንኳ አያድርም። እንግዳ ብርጭቆውን ካነሳ፣ ብርጭቆው የተወውን የውሃ ቀለበት ጋሽ ቧንቧ ጎንበስ ብለው በጨርቅ ይጠርጉታል፤ ሲያስቀምጥ ይጠብቁትና ደግሞ ሲያነሳ ይጠርጋሉ። የለመደ እንግዳ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው እጁ ላይ ይዞ ይቀመጣል።

ታዲያ እርጥበት በልታ እርጥበት ጠጥታ የምታድር ተክል እንዲህ ያለ ቤት ምን ልትሠራ ገባች?

ያስገባቻት ልጃቸው ናት። ልጃቸው ጥርስ ሕክምና ቤት የምትሠራ፣ እንደ አባቷ ቃሏ አንድ የሆነ ሴት ናት። በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳለች። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ከባሏ ጋር መጣችና፣ ብርጭቆዋን እጇ ላይ እንደያዘች ጨዋታውን ጀመረች።

"አባዬ፣ ሥራ ልገባ ነው።"

"እሰይ! ልጁስ?"

"ለሱ ነው የመጣነው። የባሌ እናት 'ቀን ቀን እኔ ጋ ይዋል' ብለዋል።"

የባሏ እናት መንጋ ልጅ ያሳደጉ፣ በረንዳቸው ላይ ከሰው ይልቅ አበባ የሚበዛ፣ ደረቅ እንጨት ቢተክሉ የሚያለመልሙ ሴት ናቸው። ጋሽ ቧንቧ ይኼን ሁሉ ያውቃሉ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ግን በዚህ ቤት ከሳቸው ሌላ የሚያስነጥስ ሰው የለም። ጠዋት ሲነሱ ለማን እንደሚነሱ አያውቁትም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመኙት፤ ቀን ቀን እዚህ ቤት እንዲውል።

"እኔ ጋስ አይውልም?" አሉ። "እጄ ተቆረጠ?"

አማቹ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ልጃቸው ግን ዓይናቸውን እያየች፣ "አባዬ፣ አትቀየመኝ። እማዬ ጥላቸው የሄደቻቸው ተክሎች ምን ሆኑ?" አለች።

"እነሱማ አርጅተው ነው።"

"ሁሉም ባንድ ወር አረጁ?"

ጋሽ ቧንቧ ጨርቃቸውን አነሱ። ጠረጴዛውን ጠረጉ። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም።

"ሕፃን ልጅ 'ጠማኝ' ብሎ አይነግርህም" አለች ልጃቸው። "ሳይናገር ማወቅ ነው። አንተ ደግሞ አባዬ፣ የምታውቀው ማድረቅ ብቻ ነው።"

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ከዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ ተክሏን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ቅጠሎቿ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላሉ። አረንጓዴው ላይ ነጫጭ ደም ሥሮች ተሥለውበታል፤ በቅርብ ላያት የሽማግሌ እጅ ጀርባ ትመስላለች።

"አፈሯ ሁሌ ረጠብ ይበል፤ ጭቃ ግን እንዳይሆን። ፀሐይ ፊት ለፊት አታስቀምጣት። ከሥሯ ጠጠር ያለበት ሳህን አድርግና ውሃ ጨምርበት፤ ውሃው ወደ ላይ ሲተን አየሩ ይረጥብላታል።"

"አየሩ?"

"አዎ፣ አየሩ።"

"እዚህ ቤት? አየሩ ይርጠብ?" ፖሊስን ሌባ ቤትህ አሳድር ቢሉት እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

"ሲጠማት ትዘለፈለፋለች፣ ውሃ ስታገኝ ትነሳለች። ግን አትመናት፤ በየጊዜው ከጣልካት አንድ ቀን ወድቃ ትቀራለች። ሥራ ከመጀመሬ በፊት እመጣለሁ። ቆማ ካገኘኋት ልጁ አንተ ጋ ይውላል።"

"ከሞተችስ?"

"ከሞተችማ፣ አባዬ፣ እሳቸው ጋ ይውላል።"

"ቃል?"

"ቃል።"

አማቹ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባትና ልጅ ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን በሳል ለወጠው።

እንግዲህ በመግቢያችን ይፋ ያደረግነው አደጋ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ቧንቧ "ፊት ለፊት አታስቀምጣት" የተባለውን ሰምተው ተክሏን ከፀሐይ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው አስቀምጠዋት ነበር፤ ሰው ፎቶ ሲነሳ በጎኑ እንደሚቆመው። ከምሳ በኋላ ሲመለሱ ቅጠሎቿ ሁሉ በተተከለችበት ዕቃ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው፣ ግንዷ እንደ በሰለ ፓስታ ተጥመልምሎ አገኟት። "ገደልኳት!" አሉና ውሃ አፈሰሱባት፤ ወደ ጥላ ወስደውም ወንበር ስበው ፊቷ ቁጭ አሉ።

ተነሳች። መጀመሪያ አንዷ ቅጠል፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሁሉም ቀና ቀና ብለው ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሙ። ጋሽ ቧንቧ ላባቸውን ጠረጉና፣ "አንቺ! የቲያትር ቤት ልጅ ነሽ እንዴ?" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ወይዘሪት ዝልፍልፍ ሆነ።

አሁን ሥራው በሥርዓት ተያዘ። ጠጠር በጥንቃቄ መርጠው አጠቡ። ሳህኑ መዝመሙን ለማየት ውሃ ልክ አምጥተው በቁምም በአግድምም ለኩት። ከዚያም የተክሏን ዕቃ ገልብጠው አዩት። ወዲያው ስልክ አነሱ።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺን የሸጠልሽ ሰው አጭበርባሪ ነው!"

"ምን ሆነ አባዬ?"

"ዕቃው ቀዳዳ ነው! ከሥሩ! ያውም አንድ ቦታ አይደለም። ግን አትጨነቂ፣ ደፍኜዋለሁ። የመርከብ ማሸጊያ ነው የተጠቀምኩት፤ ውቅያኖስ ቢገባ ጠብ አይልም።"

በስልኩ ወዲያ ማዶ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ይሰማል። ጋሽ ቧንቧ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ይበልጥ ለጠፉ፤ ዕቃውን ረስተው።

"አባዬ" አለች ልጃቸው ሳቋን እየዋጠች፣ "ቀዳዳው እንዲያፈስ ነው የተሠራው። ከደፈንከው ትሰጥማለች። በል ክፈተው።"

"እንዲያፈስ የተሠራ?" ስልኩን ከዘጉም በኋላ ቃሉን ደጋገሙት። እንዲያፈስ ታስቦ የተሠራ ዕቃ አለ ብሎ የነገራቸው ሰው እስከዛሬ አልነበረም። ቢሆንም በመሰርሰሪያ ከፈቱት።

ይኼ ሁሉ ተደርጎም ወይዘሪት ዝልፍልፍ አልቀናትም። ማታ ውሃ ይጨምራሉ፣ ሳህኑን ይሞላሉ፣ "ደህና እደሪ" ይሏታል። በማግስቱ ቀትር ላይ ድፍት። ያነሷታል፤ ደግሞ ድፍት። እየዋለ ሲያድር የታችኞቹ ቅጠሎች መርገፍ ጀመሩ። በጣም የገረማቸው ግን ሳህኑ ነው። ማታ ሞልተውት ያደሩት ሳህን ከቁርስ በኋላ ሲያዩት እንደ አጥንት ደርቆ ይገኛል። ጠጠሩ እንኳ ከምድጃ የወጣ ይመስላል።

ስለ ጉዳዩ ቴፍሎንን አማከሩት። ቴፍሎን አብሯቸው ያረጀ የሥራ ባልደረባቸው ነው። ስሙን ያገኘው የቧንቧ ጥርስ ላይ ከሚጠመጠመው ነጭ ጥብጣብ ነው፤ እሱ ግን የጫማውን ማሰሪያም፣ የመነጽሩን እግርም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የታመመ ጣቱንም በዚሁ ጠቅልሎ ታይቷል። በዕድሜ ትንሽ ስለሚያንሳቸውና አፉ ስለማያርፍ እስካሁን "አንቱ" ያለው የለም።

"ውሃው ማን ይወስደዋል?" አሉት ጋሽ ቧንቧ።

"ድመት ጠጥታው ይሆናል።"

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ? በተዘጋ መስኮት?"

"እንግዲህ ተክሏ ሱሰኛ ናት። ወይም ጋሼ፣ ቤትህ ራሱ ነው የጠጣው። ይኼ ግድግዳ እኮ ሲጠማው ይታየኛል።"

"ቀልድህን ተው። ልጁ ሊያመልጠኝ ነው።"

ቴፍሎን ቀልዱን ተወ። "በል ነገ ማልጄ መጥቼ እጠብቅልሃለሁ" አለ።

በማግስቱ ሻይ ተፈልቶ፣ ቴፍሎን ወንበሩን ከተክሏ ፊት ለፊት አስቀምጦ እንደ ዘበኛ ተጎለተ። ጋሽ ቧንቧ ትከሻቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው የጠዋት ዙራቸውን ጀመሩ። ይኼን ዙር ከሥራ ዘመናቸው ጀምሮ አንድም ጠዋት አልዘለሉትም፤ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ዳሰስ፣ ከመጸዳጃው ኋላ ዳሰስ፣ የበረንዳው መውጫ ዳሰስ፣ የመስኮቱ ደፍ ዳሰስ። እጃቸው ይሠራል፣ አፋቸው ያወራል።

"የዘንድሮ ቧንቧ ደግሞ ቧንቧ እንዳይመስልህ" ይላሉ፣ "ፕላስቲክ! በጥርስ የሚቆረጥ! ድሮ እኛ ስንዘረጋ..." እያሉ ከተክሏ ዘንድ ደረሱ። ወሬውን ሳያቋርጡ ተክሏን በግራ እጃቸው አነሱ፣ በቀኝ እጃቸው ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ከትተው ውሃውን ምጥጥ አደረጉ፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ወልወል ወልወል አድርገው መለሱ፤ ተክሏን አስቀመጡ፤ "...ድሮ እኛ ስንዘረጋ፣ ቧንቧው ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ ነበረው" ብለው ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱ።

ቴፍሎን ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሌባው ተያዘ" አለ።

"የታል?"

"ጨርቁ ትከሻው ላይ ነው።"

ጋሽ ቧንቧ ጨርቁን አዩት። ይንጠባጠባል። ከዚያ እጃቸውን አዩት፤ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ፣ ገልብጠው፣ መዳፉንም ጀርባውንም። ቀስ ብለው፣ "የሷንም ተክሎች ያደረቅኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው" አሉ። የሚስታቸውን ማለታቸው ነው። ለሁሉ ነገር ተረብ የማያጣው ቴፍሎን ሻዩን ጠጣ።

ጠላት ከታወቀ ጦርነቱ ይቀላል ያለ ሰው ከገዛ እጁ ጋር ተዋግቶ አያውቅም። ጨርቁን ለቴፍሎን ሰጥተው ወደ ቤቱ እንዲወስደው አደረጉ። እጃቸው በሸሚዝ እጅጌ ጠረገ። አጭር እጅጌ ለበሱ፤ በመጋረጃ ጠረገ። ሁልጊዜም የሚያውቁት ከጠረጉ በኋላ ነው። ወይዘሪት ዝልፍልፍ ደግሞ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፤ በተነሳች ቁጥር ግን ትንሽ ዝቅ ብላ ነው የምትቆመው። የልጃቸው መምጫ እየቀረበ ነው። ጋሽ ቧንቧ ለሕፃኑ መተኛ ብለው ያጸዱት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ገባ ሳይሉ፣ ይመለሳሉ።

እንዲህ ባለው ሰሞን አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ "ጠብ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ቧንቧ የጥርስ ብሩሻቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ጠብ። ከላይ ከሻወሩ ራስ። ጠብ። በዚህ ቤት! ወዲያው መፍቻ አምጥተው ፈታቱት። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ተበልታለች። ሱቅ ቢወርዱ ባለሱቁ፣ "በዚያ ልክ አልቋል ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ይገባል" አላቸው። ምን ይደረግ? የተበላችውን ጎማ መልሰው ገጠሟት። ያ ጠብታ ከታች ካለው ባልዲ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን ይረጨዋል። እጃቸው በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ጠረገ። በመጨረሻ ግን እጁም ተስፋ ቆረጠ፤ በዝናብ መሐል ቆሞ መንገድ የሚያደርቅ የለም።

ያኔ ነው አንድ ሐሳብ የመጣላቸው። ተክሏን ከነሳህኗ አንስተው መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ብርሃን ከምታሳልፈው ደብዛዛ ትንሽ መስኮት ሥር አስቀመጧት። እጃቸው ከሩቅ አያት፤ ከባልዲውና ከወለሉ ጋር ሲያመዛዝናት ምንም አልሆነችለትም። ተዋት።

ጎማዋ ሱቅ ደርሳ ይዘዋት ሲመጡ ወይዘሪት ዝልፍልፍ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብላ ቆማለች። ያውም ብቻዋን አይደለችም። ከመሐል አናቷ ላይ፣ ገና ያልተዘረጋች፣ እንደ ሕፃን ጆሮ የተጠቀለለች ቅጠል አውጥታለች።

ጋሽ ቧንቧ ጎማዋን ቀየሩ። ምን ያድርጉ? ባለሙያ ናቸው። ጠብታው ቆመ፣ ወለሉ ደረቀ፣ ባልዲው ወደ ቦታው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እጃቸው በደረቁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻውን እርጥብ የሆነውን ሳህን አገኘውና ምጥጥ አደረገው። ከቀትር በኋላ ወይዘሪት ዝልፍልፍ ወደቀች። አዲሷም ቅጠል አብራ ወደቀች።

ውሃ አጠጥተው ሲያነሷት፣ ባልዲውን ደፍተው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያም ተነስተው የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆለፉ። ቤቱ ውስጥ ከሳቸው ሌላ ማንም ሰው የለም፤ ቢሆንም ቆለፉ። መፍቻውን አነሱ። አዲሷን ጎማ አወጡ። የተበላችውን ከቆሻሻ መጣያው ፈልገው፣ አጥበው፣ በቦታዋ መለሷት። ሰው ቤት ደርቆ እንዲያድር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው፣ በገዛ እጃቸው፣ በንጹሕ አእምሮ፣ የገዛ ቤታቸውን ቧንቧ አበላሹ። ጠብ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛውን ጠበቁ። ጠብ።

ምስጢሩ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ቴፍሎን እጁን ሊታጠብ ገብቶ እንደ ሎተሪ አሸናፊ እየዘለለ ወጣ።

"ጋሼ! ቤትህ ያፈሳል!"

"እንዴት ነው ሻዩ? ልጨምርልህ?"

"ያፈሳል እልሃለሁ! ስማ! ጠብ... ጠብ... አይሰማህም?"

ጋሽ ቧንቧ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። "ስኳር ይበቃሃል?" አሉት።

ቴፍሎን ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ሆዱ ውስጥ ስለማይቀመጥለት ብቻ ነው። እሱም የሚያፈስ ቧንቧ ነው ማለት ይቻላል። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ፣ "ጋሽ ቧንቧ ጆሮው ሄዷል፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የገዛ ቤቱ እያፈሰሰ አይሰማውም" የሚለው ወሬ ከእሱ ቀድሞ ታች ደረሰ። የሕንፃው ሰው ያዘነ መስሎ ተደሰተ። ዕድሜ ልኩን አንገቱን ያስደፉት ሰው ሁሉ ለመጠየቅ እየተነሳ መጣ። "እንዴት ነው ጋሼ፣ ጤና?" ይልና ቀጥሎ "መታጠቢያ ቤቱን ልጠቀም?" ይላል። አንዱ ከገባ በኋላ ጠብታውን በስልኩ ቀርጾ ወጣ። ጋሽ ቧንቧ ሁሉንም ሻይ አጠጥተው ሸኙ። አንድ ቃል ቢናገሩ ወሬው ያበቃ ነበር። "ለቅጠል ስል ነው" ማለት ግን መስማት ከማጣቱ የባሰ ሆነባቸው።

ወሬው አማቹ ጆሮ ገባ። አማቹም ለሚስቱ፣ "አባባን እወዳቸዋለሁ" ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ነገር መጨረሻው አያምርም። "ግን ጠብታ የማይሰማ ሰው የልጅ ለቅሶ ይሰማል? ተክሏ ቆመችም አልቆመችም፣ እናቴ ጋ ይዋል።"

ልጃቸው "ሄደን እንይ" ብቻ አለች።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም መጡ። ቴፍሎንም፣ ማንም ሳይጠራው፣ አስቀድሞ ተገኝቷል። ሕፃኑ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር በጸዳው ክፍል አልጋ ላይ አስተኙትና በሩን ገርበብ አደረጉት። ጋሽ ቧንቧ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት አጥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል።

"የታለች?" አለች ልጃቸው።

"መታጠቢያ ቤት።"

ገባች። ወይዘሪት ዝልፍልፍ ከመደርደሪያዋ አልፋ ወደ ጎን ተንሰራፍታለች። ቅጠሎቿ ተደራርበው የዕቃውን ጠርዝ ሸፍነውታል፤ ነጫጭ ደም ሥሮቿ በደብዛዛው ብርሃን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ልጅቷ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ነከር አደረገች። ከዚያ ሳህኑን አየች። ውሃው ሞልቷል። መደርደሪያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ መስተዋቱ ላይ የውሃ ፍንጥቅጣቂ አለ፤ ማንም አልነካውም። የብርጭቆ ቀለበት ሲጠርጉ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ከላይ ጠብ ሲል ቀና ብላ ሻወሩን አየችው፤ ቀጥላም የቧንቧውን አንገት ዞር አድርጋ አየችው። የመፍቻው ጥርስ ጭረት ገና አዲስ ነው።

እዚያ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆየች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች።

"ቆማለች?" አሉ ጋሽ ቧንቧ።

"ቆማለች።"

አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። "ተክሏስ ጎበዝ ናት። ግን አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ያ የሚንጠባጠበው ነገር..."

"የቱ?" አሉ ጋሽ ቧንቧ።

አማቹ ሚስቱን "አላልኩሽም?" የሚል ዓይን ጣለባት። ቴፍሎን አንገቱን ደፋ፤ ያስወራው ወሬ እዚህ ድረስ ይሄዳል ብሎ አላሰበም ነበር።

"አባባ" አለ አማቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገረው፣ "ልጅ ማዋል፣ ከባድ፣ ኃላፊነት..."

ጋሽ ቧንቧ ከወንበራቸው ተነሱ። "ነቃ" አሉ።

"ማን?"

"ልጁ ነዋ።"

ሁሉም ጸጥ አሉ። ምንም የሚሰማ የለም። እናትየው እንኳ ራሷን ነቀነቀች። ጋሽ ቧንቧ ግን ሄደዋል። ተከትለዋቸው ሲገቡ ሕፃኑ ዓይኖቹን አፍጥጦ፣ ጡጫውን አፉ ውስጥ ከትቶ እየመጠጠ፣ ላልቅስ ወይስ ልተው እያለ ከራሱ ጋር ይመክራል። ድምፅ አላወጣም። ጋሽ ቧንቧ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከሥሩ ዳሰስ አደረጉት።

"ይሄኛው ያፈሳል" አሉ በባለሙያ ድምፅ።

ልጃቸው ዳይፐር አቀበለቻቸው። እግሮቹን በአንድ መዳፍ አንስተው፣ ጠራርገው፣ በግራም በቀኝም አጥብቀው ሲያስሩት ቴፍሎን አንገቱን አስግጎ ተመለከተና፣ "መጋጠሚያው ልክ ነው" ሲል ሙያዊ አስተያየቱን ሰጠ። ሕፃኑ አያቱን አይቶ በድዱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ፈርተዋል፤ ገና ቃሉ አልተነገረም።

"ሰኞ ጠዋት አመጣዋለሁ አባዬ" አለች ልጃቸው። "ጡጦውን አስተምርሃለሁ።"

ጋሽ ቧንቧ ልጁን ደረታቸው ላይ አስደግፈው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አማቹ ግን ገና ሂሳቡ አልገጠመለትም። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "አባባ፣ ልጁ ሳያለቅስ መንቃቱ ከሳሎን ከተሰማዎት፣ ጠብታውንም ይሰሙታል ማለት ነው?"

"እሰማዋለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ታዲያ ለምን አይጠግኑትም?"

ቴፍሎን ኪሱ ገብቶ አዲስ ጎማ አወጣ፤ ለይቅርታ ብሎ የገዛት ትመስላለች። "እኔ እቀይረዋለሁ ጋሼ፣ አንተ ልጁን እንደያዝክ፣ አሁኑኑ..."

"አይነካም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ሕንፃው በሙሉ እያማህ ነው እኮ!"

"ይማኝ።"

"ቢያንስ ምክንያቱን ንገረንና ለሰው እናስረዳልህ!"

ጋሽ ቧንቧ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ እሷ ቶሎ ብላ የሕፃኑን ካልሲ ማስተካከል ያዘች። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሩ።

"አይጠገንም" አሉ። "ለምን እንደሆነም አልናገርም።"